ከመጉረስ በፊት ይመዝግቡ፦ የአመጋገብ መከታተያ መተግበሪያን በእኛ ማዕድ ላይ የማሠራት ዝርዝር መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የተነሱ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ክትትል የጀመሩ ወይም ስፖርት የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ስልካቸው ላይ የአመጋገብ መከታተያ ይጭናሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብዙዎቹ ይተዉታል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ቀኑን ሙሉ የበሉትን ማታ ከመኝታ በፊት በትዝታ ይሞሉታል፤ ስልኩም ቀይ ቁጥር ያሳያቸዋል። ያን ጊዜ ምሳው ተበልቷል፣ ድስቱም ታጥቧል፤ ቁጥሩ ከወቀሳ በቀር የሚሰጠው ነገር የለም።

መተግበሪያው ከወረቀት ማስታወሻ የሚሻልበት ዋናው ነገር መልሱን ወዲያው መስጠቱ ነው። ይህ መልስ የሚጠቅመው ግን ጭልፋው ገና እጅዎ ላይ እያለ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ግቡ አንድ ነው፦ ገበታ ከመቅረቡ በፊት፣ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ እውነት የሆነ ቁጥር ማየት። ዝግጅቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይወስዳል። እሱን ዘለው ወደ ደረጃ 5 አይሂዱ፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ፦ ይህ መመሪያ የማይመለከታቸው

ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት፣ ዕድሜው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ፣ ቀድሞ ምግብ በመፍራት ወይም ራስን በማስራብ የተቸገረ ሰው ያለ ባለሙያ ምክር የካሎሪ ገደብ አያስቀምጥ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ በስልክ ቁጥር ተመርተው የእንጀራዎን መጠን በድንገት አይቀንሱ። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግቡ ብቻ ሲቀንስ ስኳርዎ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

የሚያስፈልግዎ

- እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን፣ በ1 ግራም የሚቆጥር የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን
- ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ወጥ የሚወጣበት አንድ ጭልፋ (መጠኑ የተለያየ ጭልፋ ካለ አንዱን ብቻ ይምረጡ)
- የሾርባ ማንኪያና የሻይ ማንኪያ
- ስልክ፣ እስክሪብቶና በማቀዝቀዣው በር ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት

ደረጃ 1፦ ሚዛኑን ይፈትኑ

1. ሚዛኑን ጠንካራና ደልዳላ ቦታ ላይ ያስቀምጡ። የጠረጴዛ ልብስ ላይ አይሁን።
2. ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጡበትና ቁጥሩን ወደ ዜሮ የሚመልሰውን ቁልፍ ይጫኑ።
3. አዲስ የግማሽ ሊትር የታሸገ ውኃ ሙሉውን ወደ ሳህኑ ይገልብጡ። 500 ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት።

ቁጥሩ በብዙ ከራቀ ባትሪውን ይቀይሩ፣ ቦታውን ይለውጡና ይድገሙት። አሁንም ካልተስተካከለ ሚዛኑን ለገዙበት ሱቅ ይመልሱ። በተሳሳተ ሚዛን የተጀመረ ሥራ በኋላ አይቃናም።

ደረጃ 2፦ መተግበሪያውን ያስተካክሉ

ክሮኖሜትርም ሆነ ማይፊትነስፓል ለዚህ ሥራ ይበቃል። ልዩነታቸውን ግን ይወቁ። ማይፊትነስፓል ውስጥ ካሉት ምግቦች ብዙዎቹ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያስገቧቸው ስለሆኑ «እንጀራ» ብለው ሲፈልጉ እርስ በርሱ የማይገናኝ ብዙ ቁጥር ይመጣል። ክሮኖሜትር በአብዛኛው በቤተ ሙከራ በተመረመሩ የምግብ ሠንጠረዦች ላይ ይመሠረታል፤ የእኛን ወጦች ግን በብዛት አያገኙበትም። በሁለቱም ቢሆን የራስዎን ምግብ ራስዎ ማስገባት አለብዎት።

1. የኃይል መለኪያው ካሎሪ መሆኑን ያረጋግጡ። የዕለቱ ግብዎ 8,000 ወይም 9,000 ሆኖ ከታየዎት በኪሎ ጁል ተቀምጧል ማለት ነው። 1 ካሎሪ 4.184 ኪሎ ጁል ስለሆነ ሁለቱን መቀላቀል ሁሉንም ነገር ያበላሻል።
2. ክብደት የመቀነስ ግብ ከመረጡ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ አያስበልጡ። መተግበሪያው ይበልጥ እንዲፈጥኑ ቢፈቅድልዎትም አይቀበሉት፤ የሚወጣው ገደብ በጣም ጠባብ ስለሚሆን በየቀኑ ቀይ ቁጥር ያያሉ፣ በየቀኑ ቀይ የሚያይ ሰው ደግሞ መክፈቱን ያቆማል።
3. በእግር የሄዱበትን ወይም ስፖርት የሠሩበትን ካሎሪ መልሶ የሚጨምርልዎትን ምርጫ ያጥፉ። በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ የተደረገ የማታ ሽርሽር አንድ ሙሉ እንጀራ አያስገኝም፤ ስልኩ ግን አንዳንድ ጊዜ እንደዚያ ያስመስለዋል።
4. ማሳሰቢያውን ምሳና እራት ከሚቀርብበት ሰዓት 15 ደቂቃ አስቀድመው ይሙሉ። ብዙ መተግበሪያዎች የሚያሳስቡት ከምግብ በኋላ፣ «ምሳዎን አልመዘገቡም» በማለት ነው። ያ ለእኛ ዓላማ አይረዳም። ስልክዎ በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ከሆነ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል 12፡30 መሆኑን አይርሱ።
5. ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ አድርገው ያስቀመጡት ምግብ መከፈቱን ይሞክሩ። ካልተከፈተ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራዎ ይቆማል ማለት ነው፤ ለዚያ ጊዜ ወረቀቱ ያስፈልጋል።

በፎቶ ምግብ እለያለሁ የሚለውን አገልግሎት ለወጥ አይጠቀሙበት። ካሜራ ከሽሮው ውስጥ የገባውን ዘይት ወይም ከወጡ ሥር ያለውን እንጀራ ብዛት ሊያይ አይችልም።

ደረጃ 3፦ የእንጀራዎን ቁጥር ያውጡ

ከመተግበሪያው ዝርዝር እንጀራ አይምረጡ። የእርስዎ ምጣድ ስፋትና የሊጡ ውፍረት ከማንም ጋር አይመሳሰልም።

1. ሊጥ ሲቦካ የገባውን ዱቄት በሙሉ ይመዝኑ።
2. ሲጋገር የወጣውን እንጀራ ይቁጠሩ።
3. ዱቄቱን ለእንጀራው ብዛት ያካፍሉ።

3 ኪሎ ዱቄት 20 እንጀራ ካወጣ በአንዱ ውስጥ 150 ግራም ዱቄት አለ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 367 ካሎሪና 13 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለው፣ አንዱ እንጀራ 550 ካሎሪና 20 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። የተጨመረው ውኃ ካሎሪ የለውም። ይህንን «የቤቴ እንጀራ» ብለው በራስዎ ምግብነት ያስቀምጡ፤ ግማሹንና ሩቡንም በመጠን ምርጫው ውስጥ ያስገቡ።

ዱቄቱ ከሩዝ፣ ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ጋር የተደባለቀ ከሆነ የካሎሪው ልዩነት ትንሽ ነው፤ አይጨነቁበት። የሚለወጠው ብረትና አሠሩ ነው። በነገራችን ላይ መተግበሪያው ለጤፍ የሚሰጠውን የብረት ቁጥር ሙሉ በሙሉ አይመኑት፤ እህሉ ሲወቃ የሚቀላቀለው አፈር መጠኑን ከፍ ያደርገዋል፣ የአፈሩን ብረት ደግሞ ሰውነት እንደ ምግብ ብረት አይጠቀምበትም።

*ከገበያ የሚገዙ ከሆነ፦* የዱቄቱን መጠን ማወቅ አይችሉም። ከአምስት የማያንሱ እንጀራዎችን ይመዝኑና አማካዩን ይያዙ፤ ከዚያ በመተግበሪያው ውስጥ በ100 ግራም የተሰጠ እንጀራ ፈልገው በግራም ያስገቡ። ካገኟቸው ቁጥሮች ትንሹን አይምረጡ።

ደረጃ 4፦ ድስቱን አንድ ጊዜ በደንብ ያስሉ

ይህ ትልቁ ሥራ ነው። ቤትዎ ውስጥ በብዛት የሚሠሩትን አምስት ወይም ስድስት ወጦች ብቻ ይያዙ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አልጫ፣ የዓሣ ጉላሽና አንድ የሥጋ ወጥ ለአብዛኛው ሳምንት ይበቃሉ።

ምግቡን የሚሠራው ሌላ ሰው ከሆነ አስቀድመው ያስረዱ። «ዘይት ቀንሱ» ብለው አይጀምሩ። «እንደ ልማዳችሁ ሥሩ፣ እኔ ከመግባቱ በፊት እመዝናለሁ» ይበሉ። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ዘይቱን ይቆጥባል፣ የሚወጣው ቁጥርም የሌላ ቀን ድስት አይሆንም።

1. ባዶውን ድስት ይመዝኑና ክብደቱን ወረቀቱ ላይ ይጻፉ። ሞቆ ሲመዘን ሚዛኑ ሊበላሽ ስለሚችል ይህ አሁን ይሠራ።
2. እያንዳንዱን ነገር ከመግባቱ በፊት ይመዝኑ። ዘይትና ቅቤ በዓይን አይገመትም። ዘይቱን በጎድጓዳ ሳህን ቀድተው መዝነው ይጨምሩ፤ በመሃል «ትንሽ ይጨመር» ከተባለ ያንንም ይጻፉ።
3. ጨውን ይመዝኑ። ብዙ ሰው ይዘለዋል።
4. ወጡ በስሎ ሲወርድ በሚዛኑ ላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም ጣውላ አድርገው ዜሮ ያድርጉት፣ ድስቱን ይመዝኑ፣ የባዶውን ድስት ክብደት ይቀንሱ።
5. መተግበሪያው ውስጥ አዲስ የምግብ አሠራር ከፍተው ሁሉንም ያስገቡ። የጠቅላላ ክብደቱን ቦታ በበሰለው ወጥ ግራም ይሙሉ።
6. በጭልፋዎ አንድ ጊዜ እንደ ልማድዎ ቀድተው ይመዝኑ። ያ የእርስዎ «አንድ ጭልፋ» ነው።

አንድ የሽሮ ድስት እንይ። 150 ግራም የሽሮ ዱቄት፣ 200 ግራም ሽንኩርት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት (56 ግራም)፣ 10 ግራም ጨውና ውኃ ገብቶ፣ የበሰለው 1,100 ግራም ሆነ እንበል። ሽሮውን እንደ ሽምብራ ዱቄት ብንይዘው 580 ካሎሪ፣ ሽንኩርቱ 80፣ ዘይቱ 495 ይሆናል፤ ድምሩ 1,155 ነው። ጭልፋው 120 ግራም ከያዘ አንድ ጭልፋ 126 ካሎሪ ነው። ከመቶ 43 እጁ ዘይት ነው። ያው ድስት በ2 ማንኪያ ዘይት ቢሠራ ጭልፋው ወደ 101 ይወርዳል።

ጨውንም ይመልከቱ። በዚያ ድስት ያለው 10 ግራም ጨው 3,900 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም አለው፤ ሁለት ጭልፋ የወሰደ ሰው 850 ያህል አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2,000 በታች፣ ማለትም ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። ግፊት ላለበት ሰው ከካሎሪው ይልቅ ይህ መስመር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢታይ ይሻላል፤ በማስተካከያው ውስጥ ሶዲየምን ወደ ላይ ያምጡት።

*ዘይቱ ሳይመዘን ከገባ፦* የዘይቱን ዕቃ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ መመዘን ያድናል፤ ልዩነቱ የገባው ነው። ያም ካመለጠ ያንን ድስት ይተዉትና በሚቀጥለው ጊዜ ይሥሩት። በግምት የተመዘገበ ድስት በመተግበሪያው ውስጥ ለወራት ይኖራል።

*ድስቱ ለሚዛኑ ከከበደ፦* ወጡን በሁለት ዕቃ ከፍለው ይመዝኑና ይደምሩ።

ሲጨርሱ የእያንዳንዱን ወጥ የአንድ ጭልፋ ካሎሪ፣ ፕሮቲንና ሶዲየም በትልቁ ጽፈው ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉ።

ደረጃ 5፦ ከመብላትዎ በፊት የሚሠራው ቅደም ተከተል

1. እጅዎን ከመታጠብዎ በፊት ስልኩን ይክፈቱ። በታጠበ እጅ ስልክ መንካት ያስቸግራል፤ ብዙ ሰው «በኋላ እመዘግባለሁ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።
2. ለመብላት ያሰቡትን ያስገቡ፦ ስንት እንጀራ፣ ስንት ጭልፋ።
3. ቀሪውን ቁጥር ይዩ። ገና አያስቀምጡት።
4. መለወጥ የሚፈልጉት ካለ እዚያው ይለውጡ፣ አዲሱን ቁጥር ይዩ፣ ከዚያ ያስቀምጡ።
5. ስልኩን ከገበታው ያርቁ።

አንድ ተኩል እንጀራና ሁለት ጭልፋ ሽሮ ያስገቡ ሰው 1,077 ካሎሪ ያያሉ። ግባቸው 2,000 ከሆነ ግማሹ በምሳ አለቀ። እንጀራውን ወደ አንድ ሲያወርዱ 802 ይሆናል፤ በቀረው ላይ አንድ ጭልፋ ጎመን ቢጨምሩ እንኳ ከመጀመሪያው ያንሳሉ። ያንን ልዩነት በዓይን ዓይቶ የወሰነ ሰው በማግሥቱ ስልኩን ሳይከፍትም ግማሿን እንጀራ ይተዋታል። ማታ ላይ የታየ 1,077 ግን ይህንን ሊያስተምር አይችልም።

በአንድ ገበታ ላይ ሲበላ

ከቤተሰብ ተለይተው በራስዎ ሳህን ለመብላት አይገደዱ። ማዕድ መለየት በብዙ ቤት ቅሬታ ያመጣል፣ አስፈላጊም አይደለም።

- ወጥ ሲወጣ በገበታው ላይ የፈሰሰውን ጭልፋ ይቁጠሩ፤ ከእርስዎ በኩል ያለው ለብቻው ቢፈስ ይበልጥ ይቀላል።
- ከተጠቀለለው እንጀራ ድርሻዎን አስቀድመው ከፊትዎ ያስቀምጡ። ከጋራው ሳህን እየመዘዙ ከበሉ ቁጥሩ ይጠፋል።
- ከሥር የተነጠፈውን እንጀራ ለሰው ብዛት አካፍለው ይጨምሩ።
- ጉርሻ አይመልሱ፣ አይቆጥሩትም። ከድርሻዎ አንድ ጉርሻ ያህል ትተው ቢነሱ ይካካሳል።
- «ብሉ እንጂ፣ ምን ነካችሁ» ተብሎ ጭማሪ ከመጣ ሲፈስ ይቁጠሩትና ከገበታ ሲነሱ ያስገቡ። ይህ ከምግብ በኋላ መመዝገብ የሚፈቀድበት ቦታ ነው።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩ ሲመጣ ምን ያድርጉ

በአንድ ምግብ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። መጠኑን፣ ወይም ዘይቱን፣ ወይም አብሮ የሚቀርበውን። ሁሉንም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው በሦስተኛው ቀን ይርበዋል።

የዕለት ገደቡን ካለፉ ከእራት አይቅሩ። ቅጣት ሆኖ የተዘለለ እራት ማግሥቱን ጠዋት ያበላሻል። ቁጥሩን እንዳለ ይተዉት፣ ይቀጥሉ።

ስኳር ላይ የሚመጣው መልስ ከሁሉም በላይ ሰዎችን ሲያስደንቅ አያለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ነው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ 48 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ 50 ግራም ነው። ሻይ ብቻውን ሊሞላው ተቃርቧል። ከአቦል እስከ በረካ ለሚጠጣ ቡናም እንዲሁ እያንዳንዱን ስኒ ሲቀዳ ያስገቡ።

የሰውነት ሚዛን ግን ወዲያውኑ መልስ አይሰጥም። ጨውና ውኃ ብቻ ክብደትን በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ ከፍና ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ። የሳምንቱን አማካይ ያነጻጽሩ እንጂ በዛሬውና በትናንቱ ልዩነት አይወስኑ።

ደረጃ 7፦ ከቤት ውጭ ሲበሉ

*ዓሣ።* 100 ግራም ጥሬ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ሥጋ 96 ካሎሪና 20 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ከዚህ የተሻለ ምግብ በከተማችን በቀላሉ አይገኝም። አሞራ ገደል ላይ ሙሉውን የተጠበሰ ዓሣ ሲያዙ ግን ቁጥሩ ሌላ ነው። የቀረበልዎ ዓሣ ግማሹን ያህል አጥንትና ጭንቅላት አድርገው ይያዙ፣ በላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት (120 ካሎሪ) ይጨምሩ። ሾርባውንና ዳጣውን ለካሎሪ አይጨነቁባቸው፣ ለጨው ግን ይቁጠሯቸው።

*ቆጮና ቡሪሳሜ።* ቆጮ በአብዛኛው ኃይል ሰጪ ነው፣ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው የሲዳማ ምግብ ቡሪሳሜ ላይ ዋናው ቁጥር ቅቤው ነው፤ የተነጠረ ቅቤ እንደ ዘይት ሁሉ በአንድ ሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ቀልጦ ከላይ ሲፈስ ማንኪያውን ይቁጠሩ።

*የአቮካዶ ጭማቂ።* 200 ግራም የአቮካዶ ሥጋ 320 ካሎሪ ነው። ሁለት ሾርባ ማንኪያ ስኳር ከገባበት 100 ያህል ይጨምራል፣ ከላይ የሚፈሰው ሽሮፕ ሳይቆጠር። ከማዘዝዎ በፊት ያስገቡት፤ ከዚያ «ስኳርም ሽሮፕም አይግባበት» ማለት ይቀላል።

*ማንኛውም የምግብ ቤት ወጥ።* በቤትዎ ከሠሩት ተመሳሳይ ወጥ ይምረጡና ለእያንዳንዱ ድርሻ አንድ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩበት። ግምት ነው፣ ግን ሁልጊዜ ተመሳሳይ ግምት ስለሆነ ሳምንትን ከሳምንት ለማነጻጸር ያገለግላል።

ደረጃ 8፦ በጾም ቀን

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ የምሳውን ማሳሰቢያ (የቁርስም ካለዎት) ለረቡዕና ለዓርብ ያጥፉ፤ በረሃብ ላይ የሚጮኽ ስልክ ጥቅም የለውም። የጾም ወጥ ቅቤ የለውም ማለት ካሎሪው ትንሽ ነው ማለት አይደለም፤ ዘይቱን ለብቻው ያስሉ። በእነዚህ ቀናት የሚያዩት መስመር ፕሮቲን ይሁን፤ ከጎደለ ምስር ወይም ባቄላ ይጨምሩ።

ነገር ሲበላሽ

- *ሳይመዘግቡ በልተዋል፦* በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሆነ ያስገቡ። ቀኑ ካለቀ ባዶውን ይተዉት። በትዝታ የተሞላ ቀን የሳምንቱን አማካይ ያሳስታል።
- *ኢንተርኔት የለም፦* ከወረቀቱ ላይ ያንብቡ፣ በእስክሪብቶ ይደምሩ፣ ውሳኔዎን ያድርጉ። ወደ ስልኩ መገልበጡ ቆይቶ ይደርሳል።
- *የታሸገ ምግብ በባርኮድ አልተገኘም፦* ከማሸጊያው ጀርባ ያለውን ቁጥር ራስዎ ያስገቡ፤ «በ100 ግራም» እና «በአንድ ድርሻ» የሚሉትን አያምታቱ።
- *ዓውደ ዓመት ወይም ድግስ፦* የሚበሉትን ዋና ነገር አንድ ብቻ፣ ዶሮ ወጡን ወይም ክትፎውን፣ ያስገቡ። ሌላውን ይተዉ።
- *ሦስት ሳምንት በትክክል መዝግበው ክብደትዎ ካልተንቀሳቀሰ፦* ግቡን ከመቀነስዎ በፊት ሁለት ነገር ይመርምሩ። ዛሬ የሚጋገረውን እንጀራ እንደገና ዱቄቱን መዝነው ያስሉ፤ ከዚያ አንዱን ወጥ እንደገና ይመዝኑ፣ በተለይ ዘይቱን። የዘይት ዕቃ ሲቀየር ወይም ምግብ የሚሠራው ሰው ሲለወጥ የአንድ ጭልፋው ቁጥር ይለወጣል፤ ያን ጊዜ አሮጌውን ይሰርዙና አዲሱን በቀን ጽፈው ወረቀቱ ላይ ይለጥፉ።